የሦስት ነገሥታት ሕመም

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ላስታውሳችሁ ያሰብሁት ከሺህ ዓመት በፊት በእስልምናው ዓለም ስለ ተነሣውና ኋላም ለአውሮፓ ስለ ተረፈው የሕክምና ጥበብ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በመሥሪያ ቤት የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ መድኃኒት ቅመማ ልነግራችሁ አልደፍርም። የምነግራችሁ ጥበቡ በምን አኳኋን ሥር እንደ ሰደደ ነው። ዓመታቱንም ለማነጻጸር እንዲመች ሁሉንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ። ነገሩን ግን ከባግዳድ አልጀምረውም፤ ከተወለድሁበት ከፎገራ ልጀምረው እወድዳለሁ።

ፎገራን ያያችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ባሕር ይመስላል፤ በበጋ ደግሞ ከብቱ ዐይን እስኪደክም ድረስ ይሰማራበታል። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጉማራ ወንዝ ለሚወርድ ሰው በዚያ አገር ወንዛዬ የሚባል ፍል ውኃ አለ። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሰለበት፣ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ይሄድበታል። እኔም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አክስቴን ተከትዬ ሄድሁ። አክስቴን ቁርጥማት ጉልበቷን አስሮ ይዟት ስለ ነበር የተጓዘችው በበቅሎ ነው፤ ስትቀመጥም ስትወርድም ሁለት ሰው ይደግፋት ነበር። የእኔ ሥራ ስንቁን መጠበቅና ማታ ማታ እሳት ማንደድ ነበር።

በፍል ውኃው ዳር የቦታውን ልማድ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። አክስቴ እጅ ነሥታ፤

«አባቴ፣ ስንት ቀን ልግባ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ሰባት ቀን ግቢ፤ ጧትና ማታ።»

«ብጨምርበትስ?»

«ከሰባት ያለፈ ጉልበት ይሰብራል፣ ልጄ።»

«ይህን አንቱ ከማን ሰሙት?»

«ካባቴ ነዋ! እሱም ካባቱ።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «እኒህ ናቸው ሐኪሙ» አለችኝ። በሰባተኛው ቀን ከበቅሎዋ ላይ ስትወጣ የደገፋት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ክረምቱ ሲገባ ሕመሙ ተመለሰባት። እኔ ግን ከዚያ ጉዞ ሁሉ የማልረሳው ከመነሣታችን በፊት በነበረው ማታ የሆነውን ነው። እንደ ልጅነቴ ደፍሬ ሽማግሌውን «ዐምና የመጡት ሰዎች ሁሉ ድነዋልን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ሣቁና «የዳነ ተመልሶ አይመጣ፤ ያልዳነም ተመልሶ አይመጣ፤ እኔ በምን ዐውቃለሁ?» አሉኝ።

እነሆ የዛሬው ንግግሬ በዚህች መልስ ዙሪያ የሚዞር ነው።

በመጀመሪያ አክስቴ ለሽማግሌው የሰጠችውን ስም እንመልከት። በግእዝ ሕመምተኛን የሚፈውሰው ሰው ዐቃቤ ሥራይ ይባላል። በአማርኛችንም ባለ መድኃኒት፣ ወጌሻ፣ አዋቂ የሚሉ ቃላት አሉን። ሐኪም የሚለው ቃል ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ጥበበኛ ማለት ነው። ዐረቦች ለሐኪም ሌላም ስም አላቸው፤ ይኸውም ጠቢብ ነው። በግእዝ ጠቢብ ጥበበኛ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ ሁለቱ ቋንቋዎች ጥበብንና ፈውስን በአንድ ማሰሪያ አስረዋቸዋል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ነገር እኛ ይህንኑ ጠቢብ የሚለውን ቃል ጠይብ ብለን በአንጥረኛውና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ስድብ አድርገን መለጠፋችን ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ነው ብለን ከማዕዳችን ካራቅነው በኋላ የቀዶ ጥገና መሣሪያ ማን ይሠራልን ነበር? ዘህራዊ የተባለው የኮርዶባ ሐኪም በ1013 ዓ.ም. ገደማ ከመሞቱ በፊት በጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ የቀዶ ጥገና መሣሪያዎችን በሥዕል አሳይቷል፤ መጋዙን፣ መንጠቆውን፣ መተኮሻውን፣ የጥርስ መንቀያውን ሁሉ። ይህ ሥዕል ጥሩ አንጥረኛ ከሌለበት አገር ቢደርስ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ወደ ነገሬ ልመለስ።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከምፅዋና ከስናር ወደ ጎንደር የገባው የንግድ ዕቃ ወደ ጎጃም የሚሻገረው በዚሁ በጣና ምሥራቅ በኩል ነበር። ይፋግ የታወቀ ገበያ ነበረ፤ ደሪጣም የእስላም ነጋዴዎች መቀመጫ ነበረች። ነጋዴዎቹ ከዚህ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ቅርንፉዱን፣ ጨርቁንና ኩሉን ይዘው ይመለሳሉ። ከዕቃው ጋራ ቃልም ይመጣል፤ ወሬም ይመጣል። በምስር ታላላቅ ሐኪሞች አሉ የሚለው ወሬ ከዚህ ከመጣው አንዱ ነበር። ያ ወሬ ከምን እንደ ተነሣ ለመረዳት አሁን ወደ ባግዳድ እንሂድ።

የመጀመሪያው የታመመ ንጉሥ አል መንሱር ነው። ባግዳድን በ762 ዓ.ም. የቈረቈረ ኸሊፋ ነበረ። ከተማዪቱን ከመሠረተ ከሦስት ዓመት በኋላ ሆዱን ታመመ፤ በዙሪያው ያሉትም ሊያድኑት አልቻሉም። በዚያን ጊዜ በፋርስ አገር ጎንደሻፑር የምትባል ከተማ ነበረች፤ ስሟ የእኛን ጎንደር ይመስላል እንጂ ዝምድና የላቸውም። በዚያች ከተማ የሶርያ ክርስቲያኖች የሚያስተምሩበትና የሚያክሙበት ሆስፒታል ነበረ። ኸሊፋው የሆስፒታሉን አለቃ ጅርጂስ ቡኽቲሹን በ765 ዓ.ም. አስጠራው፤ ጅርጂስም መጥቶ አዳነው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሲታመም ሐኪም ከሩቅ ይጠራል፤ ሲድን ይሸልማል። አል መንሱርን ከሌሎች የሚለየው ከዳነ በኋላ ያደረገው ነገር ነው። ጅርጂስ አርጅቶና ታምሞ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ደቀ መዝሙሩን በስፍራው ተወለት፤ ኋላም ልጁና የልጅ ልጁ በባግዳድ ቤተ መንግሥት ሐኪሞች ሆኑ። እነዚህ ሰዎች የግሪክን የሕክምና መጻሕፍት ያስተረጕሙ ጀመር፤ ኸሊፋዎቹም ወጪውን ቻሉ። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ የበለጠው ሁነይን ብን ኢስሓቅ የተባለው ክርስቲያን ሲሆን በ873 ዓ.ም. ዐረፈ። ሁነይን አንድ መጽሐፍ ከመተርጐሙ በፊት የዚያኑ መጽሐፍ ልዩ ልዩ ቅጂዎች ከየአገሩ ይሰበስብ፣ እርስ በርሳቸው ያስተያይ፣ የጐደለውንና የተሳሳተውን ያቀና ነበር። ገሌን የሚባለው የግሪክ ሐኪም የጻፋቸውን 129 ያህል መጻሕፍት ማን እንደ ተረጐማቸውና በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ መዝግቧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የእስልምናው ዓለም ሕክምና የምንለው ጥበብ እስላሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም በአንድ ማዕድ የተሳተፉበት ነበር። ያሰባሰባቸው የዐረብኛ ቋንቋና የመንግሥት ድጎማ ነው።

ከተርጓሚዎቹ በኋላ የመጡት ደግሞ የተተረጐመውን ተቀብለው ዝም ያሉ አልነበሩም። ከእነርሱ መካከል እኔ አብልጬ የምወድደው ራዚን ነው። ራዚ በ865 ዓ.ም. ገደማ በፋርስ ሬይ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ በዚያችው ከተማና በባግዳድ የሆስፒታል አለቃ ሆኖ ሠርቷል። ይህ ሰው በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ያየውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። የታማሚውን ዕድሜና ሥራ፣ በስንተኛው ቀን ትኩሳቱ እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ ተሰጠው፣ ከዚያም ዳነ ወይስ ሞተ የሚለውን ሳይሰውር ያሰፍር ነበር። በራሱ ሕክምና የሞተበትንም ይጽፋል። ከሞተ በኋላ ማስታወሻዎቹ ተሰብስበው እጅግ ብዙ ጥራዝ ያለው መጽሐፍ ወጣቸው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ ነገር እጅግ ያስደንቃል። ራዚ የአንጎል ሽፋን መቆጣት ምልክት ከታየባቸው ሰዎች ከፊሎቹን ደማቸውን ቀንሶ፣ ከፊሎቹን ግን ሆን ብሎ ሳይነካ ትቶ ልዩነቱን ተመልክቷል። በዛሬው ሚዛን ስንመዝነው መደምደሚያው ትክክል አልነበረም፤ ደም መቀነስ ለእንዲህ ያለው በሽታ አይጠቅምም። ነገር ግን ያደረገሁት ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም ብሎ ሁለቱን ወገን ማስተያየት እንደሚገባ ያሰበው ከሺህ ዓመት በፊት ነው። የወንዛዬው ሽማግሌ «እኔ በምን ዐውቃለሁ?» ላሉት ጥያቄ ራዚ መልስ የፈለገው በዚህ መንገድ ነው።

ራዚ ስለ ፈንጣጣና ስለ ኩፍኝ የጻፈው መጽሐፍ ሁለቱን በሽታዎች በምልክታቸው ለይቶ ያስረዳ ነበር፤ በፈንጣጣ የጀርባ ሕመም እንደሚበረታ፣ በኩፍኝ ደግሞ ጭንቀቱ እንደሚብስ ጽፏል። ይህም መጽሐፍ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጕሞ ለብዙ ዘመን ተነብቧል። ፈንጣጣ ለእኛም አገር እንግዳ አልነበረም። በ1770 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር በገባ ጊዜ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት በቍስቋም የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ አግኝቷል፤ ተዘግተው የነበሩትንም በሮችና መስኮቶች አስከፍቶ በሽተኞቹን አስታሟል። በሽታው ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ ከዓለም መጥፋቱም በ1980 ዓ.ም. ተነገረ። በሽታው የጠፋበትም ዘዴ ቤት ለቤት ዞሮ የታመመውን ፈልጎ መመዝገብና በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነበር።

ስለ መንግሥት ሥራ ለምታስቡ አድማጮቼ ደግሞ ይህን ልጨምር። በ931 ዓ.ም. በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስሕተት ሞተ። ኸሊፋው አል ሙቅተዲር ይህን በሰማ ጊዜ ሲናን ብን ሣቢት የተባለው የሐኪሞች አለቃ ያልፈተነው ሰው እንዳያክም አዘዘ። በከተማዪቱ ውስጥ 860 ያህል ሰዎች ለፈተና እንደ ቀረቡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስማቸው እጅግ የታወቀው ሐኪሞች ከፈተናው ነጻ ነበሩ። በዚህ ረገድ የሺህ ዓመቱ ባግዳድ ከዛሬ መሥሪያ ቤቶች ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የታመመ ንጉሥ ቀላውን ነው። በታመመ ጊዜ ገና ንጉሥ አልነበረም፤ በደማስቆ የጦር አለቃ ሆኖ ሳለ ነው የሆድ ቍርጠት የያዘው። ሐኪሞቹም በዚያች ከተማ በ1154 ዓ.ም. ገደማ በሱልጣን ኑረዲን ከተሠራው ሆስፒታል መድኃኒት አምጥተው አዳኑት። ቀላውን ከተሻለው በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ሄዶ ጐበኘ፤ እግዚአብሔር መንግሥት ቢሰጠኝ ይህን የመሰለ እሠራለሁ ብሎ ተሳለ። መንግሥቱን አገኘ፤ በ1284 ዓ.ም. በካይሮ ታላቁን ሆስፒታል አስጀመረ፤ ሥራውም ዓመት ሳይሞላው ተፈጸመ። ለትኩሳት፣ ለዐይን፣ ለቀዶ ጥገና፣ ለተቅማጥ ልዩ ልዩ ክፍል ነበረው፤ ሴቶችም የብቻቸው ክፍል ነበራቸው፤ ውኃም በውስጡ ይፈስስ ነበር። ድኻውም ባለጸጋውም ያለ ዋጋ እንዲታከምበት በውል ተጽፏል። ይኸው ቀላውን የእኛው ንጉሥ የይኵኖ አምላክ ልጅ ይግባ ጽዮን ስለ ጳጳስ ጕዳይ ደብዳቤ የላከለት ሰው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሆስፒታል መሥራት ቀላል ነው፤ ሠሪው ከሞተ በኋላ ለሐኪሙ ደመወዝ፣ ለበሽተኛው ምግብ፣ ለመብራቱ ዘይት የሚከፍለው ማነው? ቀላውን ለዚህ ሱቆችን፣ መታጠቢያ ቤቶችንና ሌላ ገቢ ያለውን ንብረት ለሆስፒታሉ ለዘለዓለም ሰጥቷል። ዐረቦች ይህን ወቅፍ ይሉታል። እኛ ደግሞ ጕልት እንለው ነበር። የጎንደር ነገሥታት ለአብያተ ክርስቲያናት ጕልት እየሰጡ ደብተራውን፣ መሪጌታውን፣ የቅኔውንና የዜማውን መምህር አኑረዋል፤ የቅኔው፣ የአቋቋሙና የድጓው ትምህርት እስከ ዛሬ የቆየው ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ቢለምንም የመምህሩ ወንበር መሠረት ስለ ነበረው ነው። የመድኃኒት ዕውቀት ግን ጕልት አልነበረውም። ስለዚህ ባለ መድኃኒቱ የሚበላው ዕውቀቱን በመሰወር ነበር። መድኃኒት ሲነገር ኀይሉን ያጣል ይባላል፤ አባት ቅጠሉን ከልጆቹ ሁሉ ለሚወድደው ለአንዱ፣ ያውም ሊሞት ሲል ያሳየዋል። ልጁ ቀድሞ የሞተ እንደ ሆነ ቅጠሉ በዱር ይቀራል። እርግጥ ነው በየገዳሙና በየደብተራው እጅ የመድኃኒት መጻሕፍት አሉ፤ ኮሶንና መተሬን የመሰለውንም መድኃኒት ሕዝቡ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው በአደባባይ የሚመረምርበት ወንበር አልነበረም።

በካይሮ እንዲህ ያለ ወንበር ስለ ነበረ ምን እንደ ተገኘ ልናገር። በ1200 ዓ.ም. ገደማ በግብፅ ጽኑ ረኃብ ሆኖ ብዙ ሰው አለቀ። ዐብዱል ለጢፍ የተባለው የባግዳድ ሐኪም በዚያን ጊዜ በካይሮ ነበረ፤ በየሜዳው የወደቀውን አፅም እየዞረ ተመለከተ። ገሌን የሰው የታችኛው መንገጭላ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ዐብዱል ለጢፍ ግን እጅግ ብዙ አፅም ካየ በኋላ አንድ አጥንት ነው አለ። ከገሌን መጽሐፍ ይልቅ ዐይኔን አምናለሁ ማለቱ ነበር። ከእርሱ በኋላ ደግሞ ኢብን ነፊስ መጣ። ይህ ሐኪም ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው ገሌን እንዳለው በመካከሉ ባለው ግድግዳ ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ እንደ ሆነ ጻፈ። በ1288 ዓ.ም. ሲሞትም ቤቱንና መጻሕፍቱን ለቀላውን ሆስፒታል አወረሰ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ሁሉ አሳምሬ ብነግራችሁ እበድላችኋለሁ። የኢብን ነፊስ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይታወቅ ተኝቷል፤ የዘመናችን ሊቃውንት ያስተዋሉት በ1924 ዓ.ም. አንድ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበረውን ቅጂ ካነበበ በኋላ ነው። የአራቱ ባሕርያት ትምህርት፣ ማለትም በሽታ ሁሉ የደም፣ የአክታ፣ የብጫ ሐሞትና የጥቍር ሐሞት ሚዛን መዛባት ነው የሚለው አሳብ ከግሪክ ተወርሶ በባግዳድም በካይሮም ጸንቶ ኖሯል፤ ስሕተትም ነበር። ታላቁ ኢብን ሲና እንኳ በ1037 ዓ.ም. ከመሞቱ በፊት የጻፈው «ቃኑን» የተባለው መጽሐፉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ማዕድን ውኃዎች የሚናገር ክፍል አለ፤ የዲን ጠባይ ያላቸው ፍል ውኃዎች ለመገጣጠሚያ ሕመምና ለቆዳ በሽታ እንደሚጠቅሙ፣ ከመጠን በላይ መታጠብ ግን ኀይልን እንደሚያደክም ያስረዳል። ይህን ያነበብሁ ቀን ወንዛዬ ትዝ አለኝ። የቡኻራው ሊቅና የጉማራው ሽማግሌ በዚህ ነገር ተስማምተዋል። ልዩነታቸው የኢብን ሲና ቃል በ12ኛው መቶ ዓመት በላቲን ተተርጕሞ በአውሮፓ ትምህርት ቤቶች እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲማሩበትና ሲከራከሩበት፣ የሽማግሌው ቃል ግን ከአባት ወደ ልጅ ብቻ መተላለፉ ነው።

ሦስተኛው የታመመ ንጉሥ የእኛው ዐፄ ኢያሱ፣ አድያም ሰገድ የተባሉት ናቸው። በ1690ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የቆዳ በሽታ ያዛቸው፤ ሥጋ ደዌ እንዳይሆን ተፈራ። ንጉሡም ሐጂ ዐሊ የተባለውን እስላም ነጋዴ ሐኪም ፈልጎ እንዲያመጣ ወደ ካይሮ ላኩት። ሐጂ ዐሊ ያመጣው ግን ዐረባዊ ሐኪም አልነበረም፤ በካይሮ ይኖር የነበረውን ሻርል ፖንሴ የተባለውን ፈረንሳዊ ነበር። ካይሮ የሐኪም አገር መሆኗ ገና በዝና ቢኖርም፣ በዚያን ጊዜ የሕክምናው ምርምር ወደ አውሮፓ መሻገር ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ፖንሴም የመጣው ኢብን ሲናን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲማር ከኖረው ከአውሮፓ ነበር። በሰኔ 1698 ከካይሮ ተነሥተው በዓባይና በበረሃ፣ በዶንጎላና በስናር በኩል ተጕዘው በሐምሌ 1699 ጎንደር ገቡ። አብሮት የመጣው ኢየሱሳዊ ካህን ጎንደር ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። ፖንሴ ንጉሡን አከመ፤ ንጉሡም ዳኑ፤ በ1700 ዓ.ም. በምፅዋ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ። የጕዞውም መጽሐፍ በፓሪስ ታተመ።

ይኸው ነው። አል መንሱር ሐኪሙን አስጠርቶ ትምህርቱን ከሥሩ አስተከለ፤ ቀላውን በሰው አገር ድኖ በአገሩ ሆስፒታል ሠራ። ዐፄ ኢያሱ እጅግ ብልህ ንጉሥ ነበሩ፤ ሕግን አስተካክለዋል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰለ ሕንጻ አሠርተዋል፤ የነጋዴውን ቀረጥ ደንግገዋል። ይሁን እንጂ ከፖንሴ ጋራ የመጣው ዕውቀት ከፖንሴ ጋራ ተመለሰ። ለምን ቢባል ንጉሡን ብቻ መውቀስ አይገባም። የውጭ አገር ሰው የሃይማኖት ጠብ ይዞ ይመጣል የሚለው ፍርሃት በዚያን ዘመን ባዶ አልነበረም፤ በአያት ቅድመ አያታቸው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰው ደም ገና አልተረሳም። አብሮ የመጣው ካህን እንኳ አሽከር መስሎ ነበር የሚጓዘው።

ጎንደር ለራሷ ሐኪም እስክታገኝ ድረስ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ያገኘችውም በእንግዳ መንገድ ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ መኰንኖች ይዘውት የሄዱት አንድ የጎንደር ሕፃን በሕንድ አደገ፤ በላሆር ሕክምና ተማረ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ አገለገለ። እኒህ ሰው በ1952 ዓ.ም. ያረፉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ናቸው። ብዙ ሹመትና ማዕረግ ነበራቸው፤ በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነዋል። ሕዝቡ ግን እስከ መጨረሻው የጠራቸው በዚያ በነጋዴው መንገድ በመጣው ቃል ነው።

ከዚያም በኋላ በ1953 ዓ.ም. በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በ1954 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያ የሚማሩት የጤና መኰንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የንጽሕና ጠባቂዎች ነበሩ፤ ትምህርታቸውንም የሚፈጽሙት በቡድን ሆነው ወደ ወረዳዎቹ በመውረድ ነበር። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ከዚያ የበቀለ ነው። በ1958 ዓ.ም. ወባው በሰፊው የአገራችን ክፍል እንደገና በተነሣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና 150,000 እንደ ሞተ ተገምቷል። ንዳድ የሚበረታበትን ቈላና ረግረግ አገር፣ የእኔንም ፎገራ ጭምር፣ ለማወቅ የሚወርዱት ሰዎች ደብተር ይዘው ነበር የሚወርዱት። ማን ታመመ፤ መቼ ታመመ፤ ምን ተሰጠው፤ ከዚያስ ምን ሆነ?

ስለ አክስቴ ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። በተከታዩ ዓመት ሕመሙ ስለ ጸናባት እንደገና ወንዛዬ ወረድን። ሽማግሌው አላስታወሷትም።

«ከዚህ በፊት መጥተሽ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«ዐምና መጥቼ ነበር፣ አባቴ። አንቱ እንዳሉኝ ሰባት ቀን ገባሁ።»

«ታዲያ እንደምን ሆነልሽ?»

«እስከ ሰኔ ደኅና ነበርሁ። ከዚያ ተመለሰብኝ።»

ሽማግሌው ምርኵዛቸውን ይዘው ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «እንግዲያስ ዘንድሮ ዘጠኝ ቀን ግቢ፤ ከርሞ መጥተሽ ንገሪኝ» አሏት።